ሦስተኛዋ ኮፒሊያ

ቆርቆሮውን ስከፍተው ቀድሞ የመጣብኝ ሽታው ነው። የግራሶ ሽታ፤ ከቆየ ዘይትና ከዝገት ጋር ተደባልቆ ጉሮሮ ላይ የሚቀር። አባትሽን በቀበርን በሁለተኛው ሳምንት ከአልጋው ሥር አግኝተሽ ያመጣሽልኝን የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ማለቴ ነው። እስከ አፉ በኮፒሊያ ተሞልቷል፤ ትልቅ ትንሽ፣ ቀጭን ወፍራም፣ ሁሉም አዲስ፣ ሁሉም ዘይት የተቀባ፣ አንዱም ሥራ ላይ ያልዋለ። "አክስቴ፣ ይሄ ሁሉ ምንድነው?" ስትዪኝ "የሞተር ዕቃ ነው" ብዬ ክዳኑን ገጠምኩና ስለ እድሩ ድንኳን መመለስ ማውራት ጀመርኩ። አልዋሸሁሽም፤ እውነቱንም ግን አልነገርኩሽም። ይህን ነገር በደንብ እችልበታለሁ፤ ሃያ ዓመት የሠለጠንኩበት ነው።

ኮፒሊያ ትንሽ ነገር ናት። ባለ ሁለት እግር ሽቦ። ዳዶውን ካጠበቅሽ በኋላ በብሎኑ ቀዳዳ ታሳልፊያትና እግሮቿን አንዱን ወዲያ አንዱን ወዲህ ትቆለምሚያቸዋለሽ። ከዚያ በኋላ መንገዱ የፈለገውን ያህል ቢያንቀጠቅጥ ዳዶው አይፈታም። ሥራዋ ይኼው ነው።

አባትሽ ያን ጊዜ የግብርና ሠራተኛ ነበር፤ ገና ሚስት አላገባም። ሆሳዕና አስፋልት የማታውቅበት፣ ዝናብ ሲዘንብ ጫማችንን በእጃችን ይዘን የምንሻገርበት ዘመን ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አገልግሎቷ አብቅቷል ያላትን አገር አቋራጭ ሞተር በጨረታ ሲያስወግድ አባትሽና ጓደኛው ተጋርተው ወሰዷት። ቁመቷ የበቅሎ ያህል ነው፤ ጎማዋ ጥርሳም፣ የጭስ ማርሜታዋ የተሰነጠቀ፣ ወንበሯ በአይጥ የተበላ። በጋሪ ተጭና ስትገባ እናታችን በሩ ላይ ቆማ "አሁን ይሄ ታርዶ ይበላል?" አለች። ለሥራ እንኳ አልነበረችም። ቅዳሜ እንፈታታታለን፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጭቃ ለጭቃ እንጋልባታለን፤ ሌላ ምንም።

ጓደኛው መምህር ነበር። ወላጆቹ ከሰሜን መጥተው ሱቅ የከፈቱ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ግን ሆሳዕና ተወልዶ ያደገ ነው። እኛ ካቶሊኮች እሱ ኦርቶዶክስ፤ እሑድ እሑድ ማን ቀድሞ ከቅዳሴ እንደሚወጣ እንወራረድ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው። አማርኛ ስናገር ወንዱን ሴት ሴቱን ወንድ አደርጋለሁ እያለ ያበሽቀኝ ነበር። "ዛሬ ደግሞ ሞተሩ ወንድ ነው ሴት?" ይለኛል። እኔም "የሚያስነሳው ሰው ያውቃል" እለውና መርገጫውን በአንድ ምት ረግጬ አስነሳበታለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እወደው ነበር። አንድም ቀን ለማንም አልተናገርኩትም፤ አሁን ለአንቺ ስናገረው እንኳ ፊቴ ይግላል።

ካርቡራተር የእኔ ሥራ ነበር። ጣቶቼ ቀጫጭን ስለሆኑ አባትሽ የማይገባበት ቦታ እኔ እገባለሁ። የፈታነውን ዕቃ ሁሉ ትኩስ የእንሰት ቅጠል ዘርግተን በአፈታቱ ተራ እንደረድረዋለን፤ መጀመሪያ የወጣው ከቅጠሉ ጫፍ፣ መጨረሻ የወጣው ከግንዱ በኩል። ስንገጥም ወደ ኋላ እየተመለስን ነው። ጨርቅ ዘይት ይመጥና ይበላሻል፣ ቅጠል ግን ታጥቦ ይጣላል፤ ከጓሮ ሌላ ይቆረጣል። የአባትሽ አንድ ሕግ ነበር፦ ኮፒሊያ ከእሱ በቀር ማንም አያስገባም። "እኔን ስታጡ ብቻ ኮፒሊያ አስገቡ" ይል ነበር። በመጨረሻ ተንበርክኮ ሁሉንም በጣቱ እየነካ፣ በአፉ እየቆጠረ ይጨርሳል።

የሰኔ ወር ነበር። መምህሩ ዝውውር ደርሶት ማክሰኞ ሊሄድ ነው፤ ሩቅ አገር። ከሞርሲቶ ወዲያ አንድ ቀይ አፈር ዳገት አለ፤ ሦስት እሑድ ሞክረን ሦስቴም አቃተን። "ሳልወጣው አልሄድም" ብሎ ነበር። ስለዚህ ያ እሑድ የመጨረሻችን ነው። ለእኔ ደግሞ ከዳገቱም በላይ ነበር፤ ከኋላው ተቀምጬ ጃኬቱን የምይዝበት የመጨረሻ ቀን ነው።

ቅዳሜ የኋላውን ጎማ አውርደን የፍሬን ሸራ ቀየርን። መምህሩ ፈተና እያረመ ስለነበር ሁለታችን ብቻ ነን። መልሰን ገጠምን፤ አባትሽ ከሦስቱ ኮፒሊያዎች ሁለቱን አስገባና ሦስተኛዋን ሊያነሳ ሲል የመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ በአጥር በኩል ተጣራ፦ "ግምገማ አለ፣ ሁላችሁም አሁኑኑ!" በዚያ ዘመን ግምገማ የተጠራ ሰው እጁን እንኳ ሳይታጠብ ነው የሚሮጠው። አባትሽ እየተራገመ ወጣ። እኔም ውኃ ልቀዳ ዘወር አልኩ። ስመለስ ጥጃችን ቅጠሉን ይዛ ግማሹን በልታለች፤ የቀረው ዕቃ ጭቃ ላይ ተበትኗል።

መፍቻው ተገኘ፣ ቀለበቶቹ ተገኙ። ኮፒሊያዋ የለችም። ጭቃውን በወንፊት ነፋሁት፣ የጥጃዋን አፍ ፈልቅቄ አየሁ። አለቀስኩ። ሱቆቹ ዘግተዋል፤ እሑድም አይከፈቱም። አባትሽን አውቀዋለሁ፤ አንዲት ኮፒሊያ ጎደለች ካልኩት ሞተሯ ከግቢ አትወጣም። ማክሰኞ ደግሞ መምህሩ የለም።

ቃጫ አመጣሁ። እኛ ቤት በቃጫ የማይታሰር ነገር አልነበረም፤ አጥሩ፣ አልጋው፣ ላሟ፣ የጣራው ማገር። በቃጫ ታስሮ የተፈታብን ነገር አላውቅም ነበር። ቀጭን አድርጌ ፈተልኩና በብሎኑ ቀዳዳ አሳልፌ ሦስት ጊዜ ቋጠርኩት። ዳዶውን ባለ በሌለ ኃይሌ አጠበቅኩት። እንዳይታይ ግራሶ ደፈንኩበት። የኋላ ፍሬኑን አንቆ የሚይዘው ብረት ላይ ነው ይህን ያደረግኩት። ሰኞ አዲስ ኮፒሊያ ገዝቼ እቀይረዋለሁ፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል ብዬ ነበር።

አባትሽ አመሻሽ ላይ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ምን እንዳሉት አልነገረኝም። ሞተሯ አጠገብ ቁጢጥ አለና ሁለቱን ኮፒሊያዎች ነካ፣ ሦስተኛው ላይ ግራሶውን አየ። ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ።

"ሦስቱንም አስገብቼ ነው እንዴ የተነሳሁት?"

"አዎ፣ አስገብተሃል" አልኩት።

ያቺ አንዲት ቃል ናት እንግዲህ።

በማግስቱ ሦስታችን በአንድ ሞተር፣ እኔ መሃል ሆኜ ሄድን። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ምድሩ ይተናል፣ ከየጓሮው የእንሰቱ ቅጠል ያብለጨልጫል። መምህሩ ጾም ስለነበር እናታችን ባዶ ቆጮ በሚጥሚጣ ቋጥራለት ነበር፤ ኪሱ ውስጥ እንደ ነበረ ቀረ። ዳገቱ ሥር ደርሰን ወረድን። አባትሽ ሞከረ፣ ከግማሽ ተመለሰ። ከዚያ መምህሩ ወጣባት። የሞተሯ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፤ ሁለተኛ ማርሽ፣ ሳይቀንስ፣ ሳያመነታ፣ ቀዩን ጭቃ ወደ እኛ እየረጨ። ወጣው። ጫፉ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ሰማይ ሰቅሎ ጮኸ። የአካባቢው ሰው ሳይቀር ወጥቶ አጨበጨበ። አባትሽ አቅፎኝ ይዘላል፣ እኔም እዘላለሁ።

ከዚያ መውረድ ጀመረ። ግማሽ ላይ አንድ ነገር ኳ ሲል ሰማሁ። ብረቱ ወልቆ ጎማው ውስጥ ገባ፤ ጎማው ባለበት ደረቀ፤ መምህሩ ከሞተሯ በላይ በርሮ ከዳገቱ ጠርዝ ካለው ድንጋይ ጋር ተጋጨ።

አባትሽ ወደ እሱ ሮጠ። እኔ ወዴት እንደሮጥኩ ልንገርሽ? ወደ ሞተሯ። ዳዶው የለም። ቀዳዳው ውስጥ ግን በጭቃ የራሰች የቃጫ ቁራጭ ቀርታለች። በጣቴ ስስባት እምቢ አለች፤ ጎንበስ ብዬ በጥርሴ ጎትቼ አወጣኋትና ዋጥኳት። የምወደው ሰው አሥር እርምጃ ላይ ያቃስታል፣ እኔ ቃጫ እውጣለሁ። ይህን ለንስሐ አባት እንኳ ተናግሬው አላውቅም።

ሰዎቹ ሁለት ረጅም እንጨት ቆርጠው ቃሬዛ ሠሩ። ቃሬዛውን ያሰሩት በቃጫ ነው፤ እሱ አልተፈታም። ስምንት ሆነው እየተቀባበሉ እስከ ዋናው መንገድ አደረሱትና አንድ አይሱዙ ለምነን አሳፈርነው። ከኋላ ከሽንኩርት ከረጢት ላይ ራሱን ታፋዬ ላይ አድርጌ ያዝኩት። አባትሽ የመምህሩን ደረት ይዞ በሀዲይኛ ይጮህ ነበር፤ ጓደኛው በደንብ በማይሰማው ቋንቋ "አትሂድ፣ አትሂድ" ይለዋል። መኪናው በየጉድጓዱ ሲዘል "ቀስ በል!" እላለሁ፣ ወዲያው ደግሞ "ፍጠን!" እላለሁ። መምህሩ አንድ ጊዜ ዓይኑን ገለጠ።

"ወጣሁት አይደል?" አለ።

"ወጣኸው" አልኩት። ያን ቀን እውነት የተናገርኩት ያንን ብቻ ነው። የከተማው ቆርቆሮ ጣራ ሲታየን ታፋዬ ላይ ያለው ጭንቅላት ከበደኝ።

አባትሽ በኋላ ሞተሯን ሄዶ አያት። ባዶውን ቀዳዳ በጣቱ ነካው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ "ኮፒሊያዋን እኔ ዘነጋሁ።" "አስገብተሃል ያለችኝ እኮ እሷ ናት" ማለት ይችል ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላለም። በአርባው የመምህሩ እናት እግር ላይ ወድቆ "እማማ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት" ሲል እሳቸው አገጩን ይዘው አነሱት፣ "አንተም ልጄ ነህ፤ የሰው ልጅ ይረሳል" አሉት። እኔ ከበስተኋላ ማስታጠቢያ ይዤ ቆሜ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ "እማማ፣ ይታጠቡ" አልኩ።

ነገ እነግረዋለሁ ስል ዓመቱ አለፈ። ሲያገባ ልነግረው ነበር፤ አንቺ ስትወለጂ ልነግረው ነበር። ሞተሯ ከብቶቹ ቤት ውስጥ ዝጋ፣ ወንበሯ ላይ ዶሮ ታቅፍባት ነበር። ያ የፈረሰ ሬዲዮ በዓይኑ የሚጠግን ሰው ሁለተኛ መፍቻ አልነካም። ኮፒሊያ ግን ይገዛ ነበር ለካ። ዱራሜ ለስብሰባ ሲሄድ፣ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ የመለዋወጫ ሱቅ ባየ ቁጥር።

አንቺ የምታውቂው አባት እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በሩን ዘግቶ ወጥቶ ከመንገድ የሚመለሰው። "ዘጋሁት?" ሲልሽ "ዘግተሃል አባዬ" ትዪዋለሽ፤ እንደገና ይጠይቅሻል፣ እንደገና ትመልሺለታለሽ፣ በመጨረሻ ራሱ ሄዶ ያያል። አንቺና እናትሽ ትስቁበት ነበር። እኔም አብሬያችሁ ስቄአለሁ። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ እጄን ይዞ "ምድጃውን አጥፍቻለሁ?" አለኝ። "አጥፍተሃል" አልኩት። ዓይኔን አየኝ፤ አላመነኝም። ያን ጊዜ ብቻችንን ነበርን፤ ልናገር ብዬ ተነፈስኩ፤ ነርሷ ገባች።

ሰው ሲመልስለት የማያምነው አንድ ጊዜ አምኖ ስለነበር ነው፤ ያመነውም እኔን ነው።

ቆርቆሮውን ውሰጂው፣ የአንቺ ነው። ሰዎች አባትሽን ዝንጉ ነበር ሲሉ ብትሰሚ ዝም አትበዪ፤ የእኔን ስም ጠርተሽ ንገሪያቸው። አባትሽ ምንም አልረሳም።