ሌላ ጉዳይ፦ የለም

ይህ የደረሰብኝ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ዲላ ውስጥ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ሆኜ በምሠራበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ። አብዮት አይቻለሁ፣ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ቀብሬያለሁ። ሌላው ሁሉ እየደበዘዘብኝ ሲሄድ ያች አንድ ከሰዓት በኋላ ግን እንደ ትናንት ናት። በገዛ እጄ የጻፍኳቸው ሦስት ቃላት ስላሉባት ይመስለኛል።

የመጣሁት ከወሎ ነው። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነበር፤ የተቀጠርኩትም የእጅ ጽሑፌ ስላማረ ብቻ ነው። ሥራዬ የከተማው ምክር ቤት በየወሩ ሲሰበሰብ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ የቀረውን ጊዜ ደብዳቤ መገልበጥ ነበር። በስብሰባው ላይ ሁሉም ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ዓመት ከአራት ወር በዚያ አዳራሽ ስቀመጥ አንዲት ቃል ተናግሬ አላውቅም፤ ተናገር ያለኝም የለም። ስሜ «ጸሐፊው» ነበር። ጸሐፊው ይህን መዝግብ፣ ጸሐፊው ያንን ሰርዝ።

ዲላ ክፉ ከተማ ሆና አይደለም። በገበያ ቀን ጌዴኦው፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ ሲዳማው፣ ከሸዋ የወረደው ነጋዴ ትከሻ ለትከሻ ይጋፋባታል። ግን ሁሉም ወደ ማታ የሚሰበሰብበት የራሱ ሰው ነበረው። እኔ የማንም አልነበርኩም። ደግሞ ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ሰው ቀድሞ ሰላም ካላለኝ ሰላም የማልል ዓይነት ነበርኩ። ያዩኝ ኩራት ነው ይሉ ነበር። እኔ ግን ፍርሃት መሆኑን አውቀዋለሁ።

እሑድ እሑድ አውቶቡስ ማቆሚያ እሄድ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ሲደርስ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው አንገቴን አስግጌ እቆማለሁ። የሚመጣልኝ ሰው የለም፤ እንዲሁ ሰው ከሰው ጋር ሲሳሳም ማየት ስለምወድ ነው። አንድ ጊዜ ዕቃ አውራጅ የሆነ ሰውዬ «ዛሬም አልመጡም?» ብሎ ጠየቀኝ። «ቀሩ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ባየኝ ቁጥር ከልቡ ያዝንልኝ ስለነበር ውሸቴን መመለስ አቃተኝ።

እንዲህ ስኖር በቡና ለቀማ ወራት ወባ ጣለችኝ። አከራዬ ለለቀማው ወደ ይርጋጨፌ ሄዳ ግቢው ባዶ ነበር። ከሥራ ስመጣ የገዛኋት ኪኒን አልቃለች፣ እንስራው ውስጥ የቀረችው ውኃ ጭላጭ ናት። ሦስት ቀን ከአልጋዬ አልወረድኩም። መቅረቴን አይቶ የሚመጣ ይኖራል ብዬ የመጀመሪያውን ቀን ጠበቅሁ። ሁለተኛውንም ጠበቅሁ። በሦስተኛው ቀን፣ ሰው እዚህ ቢሞት ስንት ቀን ሳይታወቅ ይቆይ ይሆን ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ሆድ ባሰኝና እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። የተንኳኳው በከዘራ ነበር። «ግባ» ስል የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ግራዝማች ገቡ፤ ከኋላቸው ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ፣ ከዚያ ሌሎች፣ ከዚያ ሌሎች። ሰባት ሰው ቆጠርኩ። የምክር ቤቱ አባላት ነበሩ። ቀኑ የወሩ መደበኛ ስብሰባ ቀን መሆኑ ያኔ ትዝ አለኝ። ለካስ መጥተውልኛል ብዬ ልቤ በደስታ ዘለለ።

ግራዝማች ከላይ እስከ ታች አዩኝና «መዝገቡስ?» አሉ።

የመጡት ለመዝገቡ ነበር። ያለፈውን ወር ቃለ ጉባኤ በንጹሕ ልገለብጥ ብዬ ወደ ቤት ወስጄው ነበር። ገጹ ሁሉ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ስለሆነ በሌላ ወረቀት ላይ መጻፍ አይፈቀድም። አዳራሽ ተቀምጠው ጠብቀው ጠብቀው፣ ዘበኛው ቤቴን አሳይቷቸው ነው በንዴት የመጡት። በብርድ ልብስ ውስጥ ስንቀጠቀጥ ሲያዩኝ ግን ንዴታቸው በረደ። መዝገቡን ይዘው ሊወጡ ሲሉ ደግሞ የዲላ ዝናብ ወረደ። የዲላን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጃንጥላ ለእሱ ቀልድ ነው።

ሐጂ ሳቅ አሉና ጉባኤው ራሱ ጸሐፊው ቤት ከመጣ እዚሁ ለምን አንሰበሰብም አሉ። እንዲህ ሆኖ የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ በእኔ ክፍል ተከፈተ።

ሐጂ እግሬ ሥር አልጋው ላይ ተቀመጡ። ግራዝማች አንዷን ወንበር ያዙ። ሁለቱ ሳጥኔ ላይ፣ ሌሎቹ ግድግዳውን ተደግፈው። አቶ ጂግሶ በሩ አጠገብ ቆሙ። አቶ ጂግሶ ከወናጎ መንገድ በላይ ቡናና እንሰት ያላቸው የጌዴኦ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛ ጥቂት ጥቂት ይሰማሉ፤ በጉባኤ ላይ ግን ቃሌ ተጣሞ መዝገብ ላይ እንዳይቀርብኝ ብለው በራሳቸው ቋንቋ ይናገሩና ተፈራ የሚባል የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ይተረጉምላቸዋል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ።

እኔ ትራሴን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ፣ መዝገቡን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ጉዳይ የቡና መፈልፈያው ገለባ መንገድ ላይ እየተደፋ ቦዩን ስለመዝጋቱ፣ ሁለተኛው የከብት ማረጃው ቦታ ወዴት ይሁን የሚል ነበር። ከትኩሳቱ የተነሣ ጆሮዬ ይጮኻል። እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ክፍል ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው ሲተነፍስ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ዝናብ የመታው ካፖርት ሽታ፣ የሐጂ ሳል፣ የጫማ ጭቃ፣ ሁሉም ደስ አለኝ። ስለ ገለባው ክርክር ሲረዝም እግዚአብሔር አያሳጥረው እያልኩ ነበር። አንድ ሁለት ጊዜም በደንብ የሰማሁትን ነገር «አልሰማሁም፣ ቢደገምልኝ» አልኩ።

ዝናቡ አባራ። ግራዝማች ባርኔጣቸውን አነሱና እንደ ደንቡ «ሌላ ጉዳይ አለ?» አሉ።

አቶ ጂግሶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ እኔ እያዩ በጌዴኦ ቋንቋ ረዘም አድርገው ተናገሩ። እኔ ቋንቋውን አልሰማም። የእጃቸውን ጣት ግን አየሁ፤ አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ ተቀመጡት። ሲጨርሱ ተፈራን አዩት።

ግራዝማች «ምን አሉ?» አሉት።

ተፈራ መሬት መሬት እያየ «የሚመዘገብ አይደለም» አለ።

«እንግዲያው የለም ብለህ ዝጋው» አሉኝ። እኔም «ሌላ ጉዳይ፦ የለም» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩ።

የከብት ማረጃው ከአቶ ጂግሶ ድንበር አጠገብ ይሁን ስለተባለ ቅር እንዳላቸው አውቃለሁ። ይህ በትኩሳት የሚቃዥ ልጅ የጻፈው ቃል አይታመንም፣ ሌላ ጸሐፊ ይምጣ ብለው የከሰሱኝ መሰለኝ። ጸሐፊነቴን ካጣሁ ደግሞ በዚያች ከተማ ምንም አይደለሁም።

ከዚያ ተራ በተራ እየመጡ ጉልበቴ ላይ ፈረሙ። አቶ ጂግሶ የሚፈርሙት በጣታቸው ነበር። ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩና በተሰባበረ አማርኛ «ስም?» አሉኝ።

«እዚህ ጋ ነው» አልኩና አውራ ጣታቸውን ይዤ ቀለም አስነክቼ፣ ስማቸው የተጻፈበት መስመር ላይ ጫንኩት። ጣታቸውን ሲያነሱ ትንሽ ቆመው አዩኝ።

ሐጂ አላህ ያሽርህ፣ ግራዝማች እግዚአብሔር ይማርህ አሉኝና ሁሉም ወጡ። በሩ ሲዘጋ ክፍሉ ከበፊቱ ይበልጥ ባዶ ሆነብኝ። ወለሉ በጭቃ ዱካ ተሞልቶ ነበር። ከተሻለኝ በኋላ እንኳ ለአምስት ቀን አልጠረግሁትም።

ዞር ስል እግርጌዬ ላይ ወፍራም የጥጥ ቡልኮ ታጥፎ ተቀምጧል። የአቶ ጂግሶ ነው፤ ሲገቡ ለብሰውት ነበር። ሽማግሌው ረስተውት ሄዱ አልኩ። እስኪሻለኝ ደርቤ ተኛሁበት፤ ያለሱ ያን ሳምንት የማልፈው አይመስለኝም። ቢሮ የገባሁ ቀን ግን አጥፌ፣ በወረቀት ጠቅልዬ፣ በዘበኛው እጅ ላክሁላቸው። ጸሐፊ አይደለሁ? መረካከቢያም ጻፍኩ። «በስብሰባ ዕለት የረሳሁትን አንድ ቡልኮ ተረክቤያለሁ» የሚል። ዘበኛው ጣታቸውን አስፈርሞ አመጣልኝ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነብበው ነው የፈረሙት አለኝ። እኔም አሻራውን አይቼ ፋይል ውስጥ አስገባሁት።

ከዚያ ወዲህ በጉባኤ ላይ አቶ ጂግሶ ወደ እኔ አያዩም ነበር። እኔም እንደ ልማዴ አንገቴን ደፍቼ እጽፋለሁ።

ስምንት ወር ያህል ቆይቶ ወደ ይርጋለም ተዛወርኩ። የሚሸኘኝ ሰው አልነበረም። ዕቃዬን አስጭኜ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ተፈራ ለሌላ ጉዳይ በዚያ ሲያልፍ አየኝና ወደ መስኮቱ መጣ። እንደምትሄድ አልሰማሁም አለኝ። ጥቂት አወራን። ሊሄድ ሲል ተመለሰና፣ ያን ቀን ሽማግሌው ምን እንዳሉ ታውቃለህ ብሎ ጠየቀኝ። አውቃለሁ፣ ጽሑፌ አይታመንም ነው ያሉት አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ቤቱ ባዶ አይቀርም ነው ያሉት። ወይ እኔ ቤት ወስጄ ላስታመው፣ ወይ ተራ ገብተን እንጠብቀው፣ ጉባኤው ይወስን አሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ይህ ልጅ ስሙ ማን ነው ብለው ጠየቁ።»

«ታዲያ ለምን አልተረጎምከውም?»

«ስምህን አላውቀውም ነበራ። ሌሎቹም አያውቁትም። እኔ ጠይቄ፣ ያ ሁሉ ሰው ዝም ሲል፣ አንተ እዚያው ተኝተህ ልትሰማ ነው። አፈርኩና ሁሉንም ዋጥኩት።»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ተፈራ መስኮቱን በእጁ መታ መታ አድርጎ ወደ ኋላ አለ። ያን ጊዜም ስሜን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

መንገዱን ሁሉ ያቺ «ስም?» ጆሮዬ ላይ ነበረች። ተፈራ ባይተረጉምላቸው በራሳቸው አማርኛ ሊጠይቁኝ ጎንበስ ያሉት ሰውዬ ናቸው። እኔ ደግሞ ጣታቸውን ይዤ የራሳቸውን ስም አሳየኋቸው። ከዝናብ በኋላ ባለው ብርድ፣ ያን ዳገት ለሚወጣ ሽማግሌ ቡልኮው ይረሳል? ይህን ለማሰብ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም ነበር።

ይርጋለም ከዲላ ሩቅ አይደለም። ብፈልግ በማግስቱ ተመልሼ፣ ዳገቱን ወጥቼ፣ እግራቸውን ስሜ ይቅርታ ልጠይቅ እችል ነበር። ይህን ደብቄ ባልፍ ገጠመኜ ውሸት ይሆንብኛል። አልሄድኩም። ዛሬ ነገ እያልኩ፣ ምን ብዬ እቆማለሁ እያልኩ ከረምኩ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ማረፋቸውን ከዲላ ከመጣ ሰው ሰማሁ። ያ መረካከቢያ ምናልባት እስካሁን አንድ መጋዘን ውስጥ ከነአሻራቸው ይኖራል። እሱን ባሰብኩ ቁጥር ብቻዬን ሆኜ እንኳ ፊቴን እሸፍናለሁ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ከእኔ ጋር ዝም ብሎ ይውላል። የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ነኝ፤ እጄ ዛሬም ይጽፋል። በየወሩ ስንሰበሰብ አጀንዳው አልቆ ሰብሳቢው «ሌላ ጉዳይ?» ሲል እስክሪብቶዬን መዝገቡ ላይ አስተኛና የእያንዳንዱን ፊት አያለሁ። በር አጠገብ የቆመ ካለ እሱን ደጋግሜ አያለሁ። ወጣቶቹ አባላት ወደ ቤታቸው ይቸኩላሉ፤ «ጋሼ ታፈሰ፣ የለም ብለው ይዝጉት እንጂ» እያሉ ይስቁብኛል።

ትንሽ ቆዩ እላቸዋለሁ።