ተነሥቶ «ኖር» ለማለት

ታናሽ ወንድሜ ከሠራዊት እንደ ወጣ የስፖርት አሠልጣኝነት ኮርስ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ እቤታችን ዕቃ ማንሳት ቀረ፤ ያለው «ፉንክሽናል ጉልበት»፣ ማለት ለዕለት ሥራ የሚጠቅም ጉልበት፣ ማዳበር ብቻ ነው። ከአራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር በሌለው ደረጃ፣ ቆሻሻ ማውረዱ ግን ፉንክሽናል አይደለም መሰለኝ፣ እንደ ድሮው የእኔ የእኅቱ ሥራ ነበር። የከተማችን የቂርያት ጋት አዲሱ ሰፈር፣ ካርሜ ጋት፣ ገና ክሬን ብቻ የቆመበት ጊዜ ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ አባቴ፣ እሱና እኔ ሦስታችን እንኖር ነበር።

የስፖርት ዕቃ ወደ መግዛት የገባነው በአባቴ ምክንያት ነው። በዚያው ዓመት አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ሳሉ ቄሱ ገቡ። ሰው ሁሉ «ኖር» ብሎ ብድግ አለ። አባቴም ሊነሡ ሞከሩ፣ ጉልበታቸው እንቢ አለ። የለቅሶ ቤት የፕላስቲክ ወንበር ደግሞ ክንድ የለው፣ ምኑን ተደግፈው ይነሡ? ቄሱ ደግ ሰው ናቸውና ጎንበስ ብለው ሳሟቸው፤ «በእግዜር፣ እርስዎ አይነሡ» አሏቸው። አባቴን የጎዳቸው ያ ደግነት ነው። ከዚያ በኋላ ለቅሶ በተጠሩ ቁጥር «ብርድ መቶኛል» ማለት ጀመሩ። ቂርያት ጋት፣ በሐምሌ ሐሩር፣ ብርድ!

ሌላ ሰው ቢሆን ይቅር ይባል ነበር። አባቴ ግን አገሩን ከዳር እስከ ዳር በአውቶቡስ እያቋረጡ ለቅሶ የሚደርሱ ሰው ነበሩ። ይባስ ብሎ አገር ቤት ከአንድ መንደር አብረዋቸው የወጡት የልጅነት ጓደኛቸው ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ ሐኪሞቹ ተስፋ መቁረጣቸውን ሁላችንም ሰምተናል። አንድ ቀን አባቴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው «የሱ ለቅሶ ላይ እንደ ግንድ ተጎልቼ ከቀረሁ፣ ምኑን ሰው ሆንኩት?» አሉኝ። ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሣሁ።

የጤና መድን ክሊኒካችን የኩፓት ሆሊም ፊዚዮቴራፒስት እግራቸውን እንዲያጠነክሩ፣ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ እንዲለማመዱ ነገረቻቸው። ወንድሜ ይህን ሰምቶ ምን ቢገባው ጥሩ ነው? ማሽን። በሳምንቱ ገመድና ብረት የሞላው ግዙፍ ነገር በቅናሽ አገኘሁ ብሎ አመጣና ሳሎኑ መሃል ገጣጠመው። ሲጨርስ ብሎኖች ተረፉት። «ሆን ብለው ጨምረው ነው የሚሰጡት» አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አባቴ አንዴ ገመዱን ሳብ አደረጉና «ይኼ ምን ያደርጋል?» አሉት።

«ደረት ያሰፋል፣ አባባ።»

«ደረቴ መቼ እንቢ አለኝ?»

ማሽኑ ግን ከንቱ አልቀረም። የፋብሪካ ዩኒፎርሜን እንደሱ አድርጎ የሚያደርቅ ዕቃ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ሁለተኛ ስንገዛ «አባባ ራሳቸው ካልመጡ ሞቼ እገኛለሁ» አልኩ። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ወዳለ የስፖርት ዕቃ መደብር ሄድን። ወንድሜና ሻጩ እጀታ ባለው የብረት ኳስና በላስቲክ ገመድ ዙሪያ ሃይማኖት የሚከራከሩ እስኪመስሉ ድረስ ተከራከሩ። አባቴ በዚህ መሃል እየዞሩ ዕቃው ሁሉ ላይ ይቀመጡ ጀመር። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ተነሡ። ከፍ ያለው የእንጨት ሣጥን ላይ ተቀመጡ፣ እንደምንም ተነሡ። በመጨረሻ ወጣቶች የሚዘሉበት ዝቅ ያለ ሣጥን ላይ ተቀመጡና መነሣት አቃታቸው። ደግመው ሞከሩ። ወንድሜ ሮጦ ክንዱን ሰጣቸው።

«ተው ልጄ» አሉት። ትንሽ አረፍ ብለው ሣጥኑን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። «ይኼን ግዙልኝ።»

ሻጩ ግራ ገባው። «የሚችሉትን ቢወስዱ አይሻልም?» አለ በአገሩ ቋንቋ፣ እኔም ለአባቴ ተረጎምኩላቸው።

«የምችለውማ እቤቴ ሞልቷል» አሉ አባቴ። «ሶፋዬ ክንድ አለው።»

ከዚያ ወዲያ ጧት ጧት ልምምድ ሆነ። ሣጥኑ ላይ የታጠፉ ብርድ ልብሶች እንከምርላቸዋለን፣ እሳቸው ይቀመጣሉ፣ ይነሣሉ። ሲለምዱት አንድ ብርድ ልብስ እናነሣለን። እውነቱን ለመናገር ይህን ያሰበው ወንድሜ ነው፤ ለካ ኮርሱ ላይ ሁልጊዜ አልተኛም። አንዳንድ ቀን አባቴ ይናደዱና ሣጥኑን በእግራቸው ገፋ አድርገው ይተዉታል። ከቁርስ በኋላ መልሰው ይስቡታል።

ጓደኛቸው ከሲግድ በዓል በኋላ አረፉ። አባቴ ብርድ መታኝ አላሉም። ጋቢያቸውን ለብሰው ከሁላችን ቀድመው በር ላይ ቆሙ።

ለቅሶው ቤት ደርሰን እሳቸው ከወንዶቹ መሃል፣ ያው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ በሴቶቹ በኩል ሆኜ የቀረበልኝን ቆሎ ማላመጥ እንኳ አቃተኝ። በኋላ በሩ ላይ ግርግር ሆነ፣ ቄሱ ገቡ። «ኖር» ተባለ፣ ወንዶቹ ብድግ አሉ። የማየው ጀርባ ብቻ ሆነ። የተቀመጠ ሰው ፈለግሁ። በየረድፉ፣ በየወንበሩ ፈለግሁ፤ የተቀመጠ የለም።

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ለሟቹ መስሏቸው «አይዞሽ ልጄ፣ እሳቸውስ ከስቃይ አረፉ» ብለው ትከሻዬን ያዙኝ። ቄሱ «በእግዜር፣ በእግዜር» እያሉ በረድፉ መሃል መጡ። አባቴ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ አላሉም፣ ቆም አላሉም፤ እንደ ማንኛውም ሰው አልፈዋቸው ሄዱ።