አዲስ ውሃ አጠጥቼዋለሁ

ሞተር ሳይክሉን የገዛሁት ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚገባ ፈረንጅ መሐንዲስ ነው። መንግሥት ከመለወጡ ሁለት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። እኔ አሰብ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ የፓምፕ ቴክኒሻን ነበርኩ፤ ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ያኔ ከተማው ውስጥ የነበሩት ሞተሮች ሁሉ ነፋስ የሚያቀዘቅዛቸው ነበሩ። የእኔው ግን ከጃፓን የመጣ አዲስ ዓይነት ስለነበር እንደ መኪና ከፊቱ ራዲያተር ነበረው።

«ውሃ ጠጪው» የሚል ስም ያወጣለት ከቤቴ ፊት ለፊት ሱቅ የነበረው ወዳጄ ነው። ከወሎ የመጣ ሙስሊም ነበር፤ በዕድሜ ሁለት ሦስት ዓመት ይበልጠኛል። አሰብ በገባሁ በሳምንቱ ወባ ጥሎኝ፣ አንድም የማውቀው ሰው ሳይኖር፣ በየቀኑ ሎሚ የተጨመቀበት ሻይ ይዞልኝ እየመጣ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብልኝ ነበር። ከዳንኩ በኋላም ልማዱ አልተወውም። ጋዜጣው በአውሮፕላን በመጣ ቁጥር እሱ ቀድሞ አንብቦ፣ እኔ ገና ሳልዘረጋው ወሬውን ሁሉ ይነግረኝና ያናድደኛል። ሚስቱን አግብቶ ካመጣት ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ሥጋ አብረን አንበላም፤ እሱ የእስላም፣ እኔ የክርስቲያን። ዓሣ ግን ባራኪ አይፈልግምና እሁድ እሁድ ምሳዬ እነሱ ቤት ነበር። ባለቤቱ ዓሣውን በበርበሬና በሎሚ ለውሳ ስትጠብሰው፣ ሽታው መንገዱን ተሻግሮ እኔን ከአልጋዬ ያስነሳኝ ነበር።

መጠጥ የሚባል ነገር ጠላቱ ነው። መርከበኛና የወደብ ሠራተኛ በሚተራመስበት ከተማ ቢራ የማይሸጥ ባለሱቅ እሱና ሌላ አንድ ሁለት ሰው ብቻ ነበሩ። ደንበኛ መጥቶ ቢራ ሲጠይቀው ተቆጥቶ አያውቅም፤ «ጎረቤቴ ጋ አለ፣ ቀዝቃዛም ነው» ብሎ በጣቱ ያሳየዋል።

በየሁለት ሳምንቱ ከአሰብ በስተደቡብ ባሕሩ ዳር ወዳለችው መንደር፣ ወደ ራሔይታ፣ ይወርድ ነበር። ለአፋሮቹ ሻይ ቅጠል፣ ስኳር፣ ክብሪትና ክር ይወስድላቸዋል፤ ሲመለስ ደረቅ ዓሣ ይዞ ይመጣል። ሞተሩን ከገዛሁ በኋላ መኪና መጠበቅ ቀረለት። መጀመሪያ ጊዜ አብረን ነው የሄድነው። ስንመለስ ጎማ ተበሳና ስንጠግን ፀሐዩ አናታችን ላይ ወጣ፤ የያዝነው ውሃ አለቀ። እኔ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ፣ ከራዲያተሩ ሥር ያለችውን ብሎን ፈታሁና በቆርቆሮ ኩባያ ቀዳሁ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለኝ።

«የባትሪ ውሃ ነው፤ የተጣራ፣ አሲድ የሌለበት። እኔው ራሴ ነኝ የሞላሁት። ከዝናብ ውሃ ይነጻል፤ ጠጣ።»

መጀመሪያ እኔ ጠጣሁ። ከዚያ እሱ ቢስሚላህ ብሎ ጠጣና ፊቱን አኮማተረ። ብረት ብረት ይላል። እንደ ሕፃን ሳቅን። ከዚያ በኋላ ለወራት ሱቁ ለመጣ ሰው ሁሉ «ይሄ ሰው የሞተር ውሃ ያጠጣኝ ነው» እያለ ያስተዋውቀኝ ነበር።

ክረምት መጣ። ክረምት ማለት ለደጋው ሰው ዝናብ ነው፤ ለአሰብ ግን እሳት ነው። ሞተሩ ሙቀት አልችል ብሎ መንገድ ላይ መፍላት ጀመረ። አንድ ቅዳሜ፣ ዕረፍቴ ስለነበር፣ ግቢ ውስጥ አቆምኩትና ብሎኑን ፈታሁ። የወጣው ውሃ እንደ ሸክላ አፈር ቀልቶ ነበር። የልብስ ሶዳ በሙቅ ውሃ በጥብጬ ሞላሁበትና ሞተሩን አስነስቼ ጥቂት አሠራሁት፤ ደፋሁት። በንጹሕ ውሃ አጠብኩት፤ ደፋሁት። እንደገና። አራተኛው ላይ ጠርቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሞላሁበት የባትሪ ውሃ ብቻ አልነበረም። የሥራ ክፍሌ ኃላፊ አንድ ቆርቆሮ አረንጓዴ ፈሳሽ ሰጥቶኝ ነበር። ብርድ አገር ውሃው በረዶ እንዳይሠራ የሚጨመር ነው፤ ሙቅ አገር ደግሞ ቶሎ እንዳይፈላ ያደርገዋል፣ ዝገትም ይከላከላል። ሲሰጠኝ «መርዝ ነው፤ ስትጨርስ እጅህን በደንብ ታጠብ» ብሎኛል። ግማሽ በግማሽ ከባትሪ ውሃ ጋር ቀላቅዬ ሞላሁ፤ ክዳኑን ከፍቼ አረፋው እስኪወጣ አሠራሁት፤ የጎደለውን ጨመርኩ፤ ከደንኩ። እጄን በደንብ ታጠብኩ።

በማግስቱ እሁድ ጠዋት ወዳጄ ሞተሩን ሊወስድ መጣ። እኔ ተተክቼ የምሠራለት ጓደኛ ታሞ ስለነበር ሥራ ልገባ ነው፤ የሠራተኛ አውቶቡሱ ጡሩምባውን እየነፋ ነው።

«ውሃ ጠጪው እንዴት ሆነ? ትኩሳቱ ለቀቀው?» አለኝ።

«ለቀቀው። ትናንት ሙሉ ቀን ሳጥበው ዋልኩ፤ አዲስ ውሃ አጠጥቼዋለሁ።»

«አላህ አንተንም ያጠጣህ!» አለኝና ቁልፉን ተቀበለኝ።

አዲስ ውሃ ነው ያልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። አውቶቡሱ ላይ ወጥቼ በመስኮት እጄን አወዛወዝኩለት።

ማታ ከሥራ ስመለስ ሰፈሩ በወሬ ሞልቷል። አንዱ ጎረቤቴ ከአውቶቡስ ስወርድ ጠብቆ «ሰማህ? ወዳጅህ ጉድ አፈላ። ከራሔይታ በዓሣ መኪና ጭነው አመጡት። ጥንብዝ ብሎ ሰክሯል። እዚህ መሐል መንገድ ላይ ወደቀና ሐኪም ቤት ወሰዱት» አለና ሳቀ። እኔም ውሸት ነው ብዬ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አብሬ ፈገግ አልኩ። የፀሐይ ምች ነው የሚሆነው አልኩ። ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር፤ ተኝቷል፣ ነገ ና አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ስገባ ነቅቶ አገኘሁት። ባለቤቱ እግሩ ሥር ተቀምጣለች። ዓይኑ ከመቅላቱ በቀር ደህና ይመስላል፤ ጎንና ጎኑን ግን እየያዘ ያቃስታል።

«የኋላ ጎማው ፈነዳ» አለኝ። «ኮዳዬ ደግሞ ማንገቻው ተበጥሶ የት እንደወደቀ እንጃ። በእግሬ ጀመርኩና አቃተኝ፤ ተመለስኩ። ያንተ ትምህርት ትዝ አለኝ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ብሎኗን ፈታሁ። ሁለት ኩባያ ጠጣሁ። እንደዚያ ጊዜው አይደለም፤ የአሁኑ ውሃህ ይጣፍጣል። ማር ማር ይላል።»

አረንጓዴው ፈሳሽ ትዝ አለኝ።

እሱ ፊቴን አላየም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሚስቱ እንዳትሰማ ይመስል፣ «ሰዎቹ ጠጥቷል እያሉ ነው አይደል?» አለኝ። «መሬቱ ሲዞርብኝ አስታውሳለሁ። ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም። አንተ እንኳ ታውቀኛለህ።»

«አውቅሃለሁ» አልኩት። «መጣሁ» ብዬ ወጣሁ።

ሐኪሙን መተላለፊያው ላይ አገኘሁትና ሁሉንም ነገርኩት። የፈሳሹን ስም፣ ቅልቅሉን፣ ሁለት ኩባያ መሆኑን።  ከዚያ «ሽንት ከሸና ቆይቷል» አለ፤ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «ትናንት ማታ ባውቅ ኖሮ መድኃኒቱ አልኮል ነበር፤ መርዙ ኩላሊቱን እንዳይጎዳው ያግደው ነበር። አረቄም ቢሆን። አሁን ኩላሊቱን ይዞታል። የምችለውን አደርጋለሁ።»

አረቄ። በሱቁ ቢራ ያልሸጠ ሰው በአረቄ ይድን ነበር፤ እኔ ደግሞ በዚያች ማታ ቤቴ ተኝቻለሁ።

ተመልሼ ክፍሉ በር ላይ ቆምኩ። ያን ጊዜ ገብቼ መንገር ነበረብኝ። አልሰከርክም፣ የነካህ እኔ የሞላሁት መርዝ ነው ማለት። ሦስት ጊዜ ልገባ ሞከርኩ። ይድን ይሆናል አልኩ። ከዳነ በኋላ እነግረዋለሁ አልኩ። ማክሰኞ ስመጣ ትንፋሹ እንደ ሯጭ ሰው ሆኖ ንግግር አቁሟል። ረቡዕ ረፋድ ላይ ሞተ።

የዚያኑ ቀን ከቀትር በኋላ ተቀበረ። ከደሴ ወርደው አሰብ በንግድ የሚኖሩ የባለቤቱ አጎት ነበሩ፤ ነጭ ሪዝ ያላቸው፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሽማግሌ። ከቀብር ስንመለስ አጠገቤ ሆነው «ሰው ቀረ» አሉኝ። «ሶላቱ ላይ መቆም የነበረባቸው ሰዎች ቀሩ። ሰካራም ሆኖ ሞተ ነው የሚሉት። ልጄ ይህን ሰምታለች።» 

በሦስተኛው ቀን ወደ ለቅሶው ድንኳን ሄድኩ። ጎረቤቱ፣ ነጋዴው፣ ከማጣሪያው የመጡም ነበሩ። ሁለት ሰዎች ከኋላዬ ያንኑ ወሬ ሲያንሾካሹኩ ሰማሁና ተነሣሁ። እንዴት እንደጀመርኩ አላስታውስም። «ያ ሰው በሕይወቱ መጠጥ አልቀመሰም» አልኩ። ቅዳሜ ግቢዬ ውስጥ ያደረግሁትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩ። መርዙ እንደ ስካር እንደሚያደርግ ከሐኪሙ የሰማሁትን ነገርኳቸው። «ውሃ ነው ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩና ተቀመጥኩ።

 ሽማግሌው «ሁላችሁም ሰማችሁ?» አሉ። «እንግዲህ ሂዱና በየቡና ቤቱ ይህንንም አውሩ።»

ባለቤቱ በማግስቱ አስጠራችኝ። ሱቁ ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ኋላ፣ እሱ ይቀመጥባት በነበረችው ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አጎቷ በሩ ላይ ናቸው።

«እሱስ ያውቅ ነበር?» አለችኝ።

የጠበቅሁት ሌላ ጥያቄ ነበር። «ምኑን እህቴ?»

«እንዳልሰከረ። ሲሞት ያውቅ ነበር ወይ? ሰኞ ቀን ሙሉ ‹ምን ሆኜ ነው፣ ምን በድዬ ነው አላህ ያዋረደኝ› ሲለኝ ነበር። ነግረኸው ነበር?»

«አልነገርኩትም።»

«ሰኞ ጠዋት አውቀህ ነበር?»

«አውቄ ነበር።»

 «ውሃውን አውፍ ብዬሃለሁ» አለች፤ ይቅርታውን በእነሱ አነጋገር። «ማንም ሰው ይረሳል። ሳትነግረው የቀረኸውን ግን አውፍ ማለት የእኔ አይደለም። የሱ ነው።»

ሁለት ወር ሳይሞላ ሱቁን ዘግታ በጭነት መኪና ወደ ደሴ ወጣች። ዕቃውን ስጭን ዋልኩ፤ ማንም አልከለከለኝም፣ ማንም አላነጋገረኝም። መኪናው ሊነሳ ሲል ግን ከላይ ሆና በስሜ ጠራችኝ። «ራሔይታ ያሉት ደንበኞቹ መሞቱን አልሰሙም ይሆናል» አለችኝ። «ሄደህ ንገራቸው። ያነሱትንም ሰዎች አመስግናቸው።»

በሳምንቱ በዓሣ መኪና ወረድኩ። ሾፌሩ አፋርኛ ስለሚያውቅ አስተረጎመልኝ። ወዳጄን ያገኙት ፍየል የሚጠብቁ አንድ ጎልማሳና ወንድሙ ነበሩ። መሞቱን ስነግራቸው ጎልማሳው ዱላውን መሬት ላይ አኖረና ቁጢጥ አለ። ከዚያ ያየውን ነገረኝ።

ሲደርሱ ወዳጄ ከሞተሩ ጥላ ሥር ቆሞ ሊሰግድ ይሞክር ነበር። ይወድቃል፤ ይነሣል። የቆመው ግን ወደ ባሕሩ ዞሮ ነው። ቂብላው ጠፍቶበታል። ጎልማሳው ውሃ አቀረበለት፤ አልተቀበለም፤ ሶላቱ ሊያልፍበት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ወንድማማቾች ግራና ቀኝ ይዘው በቀስታ ወደ መካ አቅጣጫ አዞሩት። ቁጭ ብሎ ሰገደ። እስኪጨርስ በትከሻቸው ደግፈው ጠበቁት። ሶላቱን ሊዘጋ ሲያሰላምት፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ፣ እያንዳንዳቸውን አይቶ ፈገግ አለላቸው።

ሾፌሩ ይህን ከተረጎመልኝ በኋላ ዞር ብሎ ሲጋራ ለኮሰ። ጎልማሳው አንድ ነገር ጨመረ።

«ምን አለ?» አልኩት።

«ሰካራም መስሏችሁ እንደሆነ ብዬ ጠይቄው ነበር» አለኝ ሾፌሩ። «ሰካራም ሰው ሶላቱ አልፎት አይጨነቅም ነው የሚለው።»

ጎልማሳውን እጁን ጨብጬ አመሰገንኩት። የፍየል ወተት በእንጨት ዕቃ አቀረበልኝ፤ ቆሜ ጠጣሁ። ከዚያ ዓሣው በፀሐይ እንዳይበላሽ ሾፌሩ ስለቸኮለ ወደ አሰብ ተመለስን።