የማህጁብ እጅ

ማህጁብ አሳማ ጠባቂ ሆነ የተባለ ጊዜ የአሶሳ ገበያ ሌላ ወሬ አጣ። የመንጌ ወረዳ ልጅ፣ ሶላት የማያጓድል፣ ጢሙ የሸበተ ሰው የአሳማ ዘበኛ! «ጌታህ እንዴት አደሩ? ቁርስ በሉ?» እያሉ የሚያላግጡበት ነበሩ። እሱ ስቆ ያልፋል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ማህጁብ ጨንቆታል።

ጭንቁ ሚስቱ ዓፊያ ናት። ዓፊያ ስትተኛ ትንፋሿ ይቆማል። መጀመሪያ ጎረቤት እስኪሰማ ታንኮራፋለች፤ ከዚያ በድንገት ጸጥ ትላለች። ደረቷ ይታገላል፣ አፏ ይከፈታል፣ አየር ግን አይገባም። ያን ጊዜ ማህጁብ ትከሻዋን ገፋ ያደርጋታል። እሷም ከውኃ እንደወጣ ሰው አየሩን ስባ ወደ ጎን ትዞራለች። ደግሞ ትተኛለች፣ ደግሞ ይቆማል። ይህ ዓመታት ስላስቆጠረ የማህጁብ እጅ ሥራውን ለምዶ፣ እሱ ተኝቶ እንኳ እጁ ይገፋታል። ሐኪም ዘንድ ሲወስዳት «ለዚህ በሽታ አየር የሚነፋ መሣሪያ አለ፤ እሱ ግን አዲስ አበባ እንጂ እዚህ የለም» ተባለ። አዲስ አበባ ደግሞ ለማህጁብ ከመካ የሚቀርብ አገር አይደለም።

ክልሉ ተመሥርቶ አሶሳ ዋና ከተማ ከሆነች ወዲህ ከየአገሩ ተመድቦ የሚመጣ ምሁር በዝቷል። አንዷ ዶክተር ትሩፋት ናት፤ የጎጃም ልጅ፣ የእንስሳት ሐኪም። የምታጠናው ይህንኑ በሽታ ሲሆን የምታጠናውም በአሳማ ላይ ነው። ከመጠን በላይ የወፈረ አሳማ እንደ ሰው ሁሉ ሲተኛ ጉሮሮው እየተዘጋ ትንፋሹ ይቋረጣል። ማህጁብ ይህን ከሰው አፍ ሲሰማ ማንም ሳይጠራው ሄዶ ሥራ ጠየቃት። ስለ ሚስቱም ነገራት።

«የአሳማው ትንፋሽ ሲቆም ደሙ ውስጥ ያለው አየር ምን ያህል እንደሚወርድ፣ ልቡም ምን እንደሚሆን ነው የምንለካው» አለችው። «እርስዎ ደረቱ ላይ የሚታሰረው የመለኪያ ቀበቶ እንዳይወልቅ ብቻ ይጠብቁ። ሥራው ካማረ፣ ጥናቱን የሚረዱት ሰዎች ለሰው የሚሆነውን መሣሪያ ለአሶሳ ሊልኩ ቃል ገብተዋል። መጀመሪያ ባለቤትዎ ትጠቀምበታለች።»

በዚያ ሰዓት አሳማ ቀርቶ ጅብ ጠብቅ ቢሉት እሺ ይል ነበር።

አሳማው ከደብረ ዘይት በመኪና የመጣ፣ ከውፍረቱ የተነሳ መቆም የሚሰለቸው ፍጡር ነው። ቀትር ላይ ጠግቦ በልቶ ይተኛል። በመጀመሪያው ቀን ሲያንኮራፋ ማህጁብ ፈገግ አለ፤ የሚያውቀው ድምፅ ነው። ከዚያ ጸጥ አለ። ደረቱ ታገለ። ማህጁብ ሳያስበው የቀርከሃ ዘንጉን አንስቶ ጎኑን ነካ አደረገው፤ አሳማው ተንፍሶ ተገላበጠ። ማህጁብ አንድ ነገር የሠራ እንኳ አልመሰለውም። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ፤ ሰውየው ምን ያድርግ!

ዶክተር ትሩፋት መለኪያው ያወጣውን መስመር እያየች ራሷን ትይዝ ጀመር። ታማሚ ብላ ያመጣችው አሳማ ጤነኛ ሆነባት። ጥናቱን የሚረዱት ሰዎችም ተስፋ ወደ መቁረጡ ተቃረቡ። አንድ ቀን በመስኮት ብታይ፣ ማህጁብ በዘንጉ አሳማውን ሲቀሰቅስ አገኘችው።

«ጋሽ ማህጁብ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ይሞታል ዶክተር! ትንፋሽ የለም!»

«አይሞትም! ሲጨንቀው ራሱ ነቅቶ ይተነፍሳል። የምንለካው እሱን አይደል እንዴ! ስንት የደከምንበት ነገር ገደል ገባ!»

ዘንጉ ከእጁ ወደቀ። «ወላሂ እኔ አላሰበም። እጅ ራሱ ሄደ። ዶክተር፣ አታባርረኝ። ቤት ሚስት አለ።»

ልታባርረው ቆርጣ ነበር። ግን ሽማግሌ ፊቷ ቆሞ ሲለምን ማየት አልቻለችም። ሁሉም ነገር እንደገና እንዲጀመር፣ እሱም እጁን እንዲሰበስብ ተስማሙ።

ማህጁብ ዘንጉን ውጭ እየተወ፣ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከቶ ይቀመጥ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ሥቃይ ነበር። የአሳማው ትንፋሽ በቆመ ቁጥር ላብ ያጠምቀዋል። አሳማው ግን እንደተባለው ራሱ እየነቃ ተነፈሰ። ማህጁብም ቀስ በቀስ ረጋ። ላቡ ቀረ፤ እየጠበቀ ማየት ለመደ። ዶክተሯ መስመሩ እያማረላት «ጎበዝ!» አለችው፤ ደስም አለው። እኔ ግን ያንን ደስታ አልወደውም። ሰው ክፉውንም ነገር እንደ ደጉ ነው የሚለምደው።

አንድ ጁምዓ ከመስጊድ ተመልሶ ከዓፊያ ጋር ገንፎ በልተው ደጃቸው ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር አረፉ። ዓፊያ ሰሌኑ ላይ ጋደም አለች፣ አንኮራፋች፣ ከዚያ ጸጥ አለች።

ማህጁብ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከተተ።

ደረቷ ታገለ። እሱ ጠበቀ። አፏ ተከፈተ፣ ከንፈሯ ጠቆረ፤ ይኸው አሁን ይመለሳል እያለ ጠበቀ። ዓፊያ መሬቱን ቧጥጣ፣ እየጮኸች ራሷ ነቃች። ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ባሏ ላይ ነው፤ እጆቹም ገና ብብቱ ውስጥ ነበሩ።

«ነቅተህ ነበር?» አለችው በቤታቸው ቋንቋ።

አሸልቦኝ ነበር ሊል አሰበ። «አዎ» አለ።

«ስታየኝ ነበር?»

«ትንፋሽሽ ይመለሳል ብዬ...» አለ። እጆቹን አውጥቶ እንደ ሌላ ሰው እጅ አያቸው። እንደ ልጅ አለቀሰ። ከነገ ጀምሮ እዚያ የአሳማ ግቢ አልደርስም ብሎ ማለ።

«ትሄዳለህ» አለች ዓፊያ። ድምፅዋ ገና አልተመለሰላትም። «መሣሪያው እንዲመጣ ትሄዳለህ። እኔ መሞት አልፈልግም። ግን ከእንግዲህ አንተ አጠገቤ እያለህ አልተኛም።»

ቀልድ መስሎት ነበር። በዚያው ቀን ግን እህቷ ዐዋጢፍ ፍራሿን ይዛ መጣች፤ የማህጁብ መኝታም ወደ በረንዳው ወጣ። ዐዋጢፍ ደግ ሴት ናት፤ ችግሩ እንቅልፏ ከባድ ነው። ማህጁብ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። ማንኮራፋቷ እስካለ ድረስ እሱም ይተነፍሳል። ጸጥ ስትል ግን በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ እጁ የትም አይደርስም። በዚያ ሰፈር ማታ የሚያልፍ ሰው ሁሉ አንድ ሽማግሌ ግድግዳ እየደበደበ «ዐዋጢፍ! ዐዋጢፍ፣ ተነሺ! ንኪያት!» እያለ ሲጮህ ይሰማዋል።