የተነቀለው በር

ሰኞ ጠዋት ሥራ ስትገባ የቢሮዋ በር የለም። ተሰብሮ ወይም ተበርግዶ አይደለም፤ ከነማጠፊያው ተነቅሎ ተወስዷል። መቃኑ ብቻ ጥርሱ እንደረገፈ አፍ ባዶውን ቀርቷል።

«ሌባ ገብቷል!» ብላ ዘበኛውን ስትጠራው ሰውዬው ሳቁን መያዝ አቃተው። «ኧረ እሜቴ፣ ሌባውስ ዲሬክተሩ ናቸው» አላት። የፈተና ወረቀት የሚቆለፍበት ክፍል በሩ ተሰንጥቆ ኖሮ፣ ቅዳሜ የእሷን አስነቅለው እዚያ አስገጥመውታል።

የትምህርት ቤቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። ሙያዋን ግን ከእሷ በቀር በስሙ የሚጠራው የለም። ተማሪዎቹ «ቲቸር» ይሏታል፤ መምህራኑ ከኋላዋ «የእብድ ሐኪም» ይሏታል። እናቷ ደግሞ «ልጄ ሐኪም ናት» ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ ስላወሩ፣ ቤት በሄደች ቁጥር አንዱ ጉልበቱን፣ ሌላው ወገቡን ይዞ ይጠብቃታል። «እማዬ፣ እኔ እኮ ጉልበት አላክምም» ስትላቸው፣ «ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ምን ስትማሪ ኖርሽ?» ይሏታል።

የተማረችውንስ እሷ ታውቃለች። ማንበብ ያቃተው ልጅ ያስቸገረው ዓይኑ ይሁን ጆሮው ወይስ ቤቱ፣ ያንን መለየት ተምራለች። ፈተና ሰጥቶ ነጥብ መደመርማ ማንም ይለምደዋል፤ ነጥቡ ስለ ልጁ የማይናገረውን ማወቅ ነው ዕድሜ የፈጀባት። ከሁለተኛ ዲግሪዋ በኋላ አንድ ሙሉ ዓመት በአንዲት አንጋፋ ባለሙያ ሥር ተለማምዳለች። ሴትዮዋ ቁጡ ነበሩ። ልጅ እያወራ እሷ ሰዓቷን ካየች በዓይናቸው ይገርፏት ነበር። «ልጁ አፉን ሳይከፍት በፊት የማትደብቂለትን ነገር ንገሪው» ይሏታል። «ሕይወቴን ላጠፋ ነው ካለሽ፣ ሰው እየጎዳኝ ነው ካለሽ ዝም አትዪም። ይህን አስቀድሞ ይወቅ። ከዚያ የተረፈው ግን የራሱ ነው። አደራ ነው የሰጠሽ እንጂ ያንቺ አይደለም።»

እዚህ ስትቀጠር ግን መምህር በቀረ ቁጥር ክፍል ጠባቂ እሷ፣ ፈተና በመጣ ቁጥር ፈታኝ እሷ፣ ጠዋት ግቢው በር ላይ ቆሞ ዩኒፎርም ተቆጣጣሪም እሷ ሆነች። ጠዋት ከበር የመለሰችው ልጅ ከሰዓት በኋላ ሆዱን እንዲከፍትላት ይጠበቃል። ይህን ሁሉ ጥርሷን ነክሳ ችላዋለች። የበሩ ነገር ሲመጣ ግን ደሟ ፈላ። ቀጥ ብላ ዲሬክተሩ ዘንድ ገባች።

«ምን ያስቆጣሻል?» አሉ ከወንበራቸው ሳይነሱ። «አንቺ ዘንድ ምን የሚሰረቅ አለ? ሁለት ወንበርና ሶፍት!»

«የሚሰረቀውማ ልጆቹ የሚነግሩኝ ነገር ነው ጋሼ።»

«መጋረጃ ይሰቀልልሻል። ደግሞስ ከልጅ ጋር በር ዘግቶ ማንሾካሾክ ምን ይሉታል?»

መጋረጃው ተሰቀለ። ከመድረክ የተረፈ፣ ከታች ያጠረ ጨርቅ ነበር፤ ከኮሪደሩ ሲታይ የተቀመጠው ሰው ጫማ ይታያል። ተማሪ ሲመጣባት ወደ ሜዳው ይዛው ትወጣ ጀመር።

በዚያው ሳምንት አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ መጣች። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ የሚጥላት፣ ውጤቷ ያሽቆለቆለ፣ ለወራት ብትመላለስም ከ«ደህና ነኝ» በላይ ያልተናገረች ልጅ ናት። እናቷ ለሥራ ውጭ አገር እንደሄደች ነው የሚታወቀው። «ነይ ወደ ሜዳው እንውጣ» ብላ ስትነሳ፣ ልጅቷ የቀሚሷን ጫፍ ያዘቻትና እዚያው ተንሰቀሰቀች።

«ቲቸር፣ እማዬ ውጭ አገር አይደለችም። ታስራለች። ታናናሾቼን አብልቼ የማስተኛቸው እኔ ነኝ። ለማንም አይንገሩብኝ።»

«አልናገርም» አለቻት።

መጋረጃው ተነቃነቀ። ብድግ ብላ ስትገልጠው የልጅቷ ክፍል ኃላፊ የሆነው የሒሳብ መምህር ኮሪደሩን ይዞ ሲሄድ አየችው። ክፍሉን እንድትጠብቅለት ሊለምናት መጥቶ ነበር። ሮጣ ደረሰችበት። «የሰማኸው ነገር ካለ እዚሁ ይቅር፣ በልጆችህ ይዤሃለሁ።»

«ኧረ ምንም አልሰማሁም!» አለ።

በማግስቱ ልጅቷን ከመቀመጫዋ አስነስቶ ሰሌዳው ሥር አቆማት። ትከሻዋን አቅፎ፣ «ልጆች፣ የዚህች እህታችሁ እናት እስር ቤት ናት። ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዳያስቀይማት» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ደግ የሠራ መስሎታል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በእረፍት ሰዓት ወሬው መጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ በጠመኔ ተጽፎ ተገኘ።

ባለሙያዋ ስትሰማ ልጅቷ ደብተሯን ሸክፋ እየወጣች ነበር። ግቢው በር ላይ ያዘቻት።

«አልናገርም ብለውኝ ነበር» አለች ልጅቷ። አላለቀሰችም።

«እኔ አልተናገርኩም፣ እመኚኝ።»

«ታዲያ ማን ነገራቸው? ግድግዳው?»

ስለ መጋረጃው ልታስረዳት ስትጀምር ልጅቷ ሄደች፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ወደ ትምህርት ቤቱ አልተመለሰችም።

ባለሙያዋ ልጅ ስትቆጣ እንኳ የማትጮኽ፣ በስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ የምትናገር ሰው ናት። ያን ሰሞን ግን ሰው ሰላም ሲላት ያናድዳታል። ቅዳሜ አናጢው ታላቅ ወንድሟ ዘንድ ሄደች።

«ወንድም ጋሼ፣ ካቻቪቴህን ያዝና ተከተለኝ።»

ነገሩን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል» አለ። ትንሽ አሰበና፣ «ስለ ካቻቪቴ ግን ያሉት የለም» ብሎ ዕቃውን አነሳ።

ዘበኛው ሲያያቸው ጀርባውን ሰጥቶ ሬዲዮኑን ማስተካከል ያዘ። ወንድሟ የዲሬክተሩን በር ነቅሎ እሷ ክፍል ገጠመው። በልኩ እንደተሠራ ልክክ አለ።

ሰኞ ዲሬክተሩ እንደ ነብር እየተቆጡ መጡ። «የመንግሥት ንብረት ሰረቅሽ!»

«ከግቢ አልወጣም። እርስዎ ዘንድ ምን የሚሰረቅ አለ? መጋረጃ ይሰቀልልዎታል።»

ለክሱ የሚሆን ደብዳቤ እስኪጻፍ ድረስ በሩ እንዳይነካ አሉ፤ ማስረጃ ነው። በዚያው ቀን የበላይ ኃላፊያቸው ስልክ ደወሉና በሌላ ጉዳይ ይቆጧቸው ጀመር። «አዎ ጌታዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ጌታዬ፣ አይደገምም ጌታዬ» ሲሉ ኮሪደሩ በሙሉ ሰማ። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ኳስ ሲቀባበሉ «አዎ ጌታዬ!» ይባባሉ ነበር። እሷ ስትሰማ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አላላትም። ሽማግሌው ዲሬክተር ምሳቸውን ሳይበሉ አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ አየች፤ ይኸው ነው ልጅቷ ላይ የደረሰው፣ ያውም እሷ ገና ልጅ ናት፣ ብላ ባሰባት።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ለአንድ በር ይህን ያህል?» አሏት።

«ለአናጢ መዶሻ እንደሚያስፈልገው ለእኔ በር ያስፈልገኛል» አለች። «ሥራዬ ልጅ የሚናገርበት ቦታ መስጠት ነው። ያንን ነቅላችሁ ወስዳችሁ ደመወዜን መክፈላችሁ ማላገጥ ነው። ስለ ልጅቷስ ምን ልትወስኑ ነው?»

ሰብሳቢው ወረቀታቸውን አገላበጡ። «እሱ አጀንዳችን ውስጥ የለም።»

«ታዲያ ምን ልትሠሩ ነው የመጣችሁት?» ብላ ጮኸች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በአለቃ ላይ ጮኸች። ለእሷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ለእሷም ለዲሬክተሩም ክፍል በየራሱ በር ተወሰነ። ስለ ልጅቷ የተባለ አንድም ቃል የለም።

የሒሳብ መምህሩ አንድ ቀን አንኳኩቶ ገባ። «እኔ እኮ አዝኜላት ነው» አለ ቆሞ።

«ስታዝንላት ጠይቀሃታል?»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አሁን ምን ላድርግ?» አላት።

«ሂድና ከመጋረጃው ጀርባ ሰምቼ የተናገርኩት እኔ ነኝ በላት። ቲቸርሽ አልነገረችኝም በላት። ይቅር በዪኝ ብለህ ደግሞ የራስህን ሸክም እንዳትጭንባት።»

ሄደ። ልጅቷ ታናናሾቿን ይዛ አክስቷ ዘንድ ገብታ፣ ሌላ ትምህርት ቤት ጀምራለች። በራፍ ላይ ቆማ ሰማችውና «እሺ» ብላ ተመለሰች። ተመልሶ ሲነግራት ባለሙያዋ አላመሰገነችውም። መምህሩ ሲወጣ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

ተማሪዎቹ ለረጅም ጊዜ አልመጡላትም። በሩ ቢመለስም እምነቱ አብሮ አልመጣም፤ አንዳንዱ ሲያልፍ ሰላምታዋን እንኳ ይሸሻል። እሷም ዩኒፎርም መቆጣጠሩን ተወች። «አልቆምም» አለች፣ ሌላ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፣ ፈርማ ተቀበለች።

በሁለተኛው መንፈቅ ዲሬክተሩ አንዲት ተማሪ እንድታወጣጣት ላኩባት፤ መስኮት ተሰብሮ ሰባሪው ጠፍቷል። ልጅቷ ከገባች በኋላ በሩ ለረጅም ሰዓት አልተከፈተም። ባለሙያዋ ስትወጣ ዲሬክተሩ ኮሪደሩ ላይ ይጠብቁ ነበር።

«እህ፣ ምን አለችሽ?»

«ብዙ ነገር አለችኝ።»

«እኮ ማን ሰበረው?»

«እሱን የሚያጣራልዎት ዘበኛ አለ» ብላ ተመልሳ ገባችና በሩን ዘጋችው።