አውራ ጣት ከአራቱ ጋር

ከክፍል ነው የወሰዱኝ፤ ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። ያኔ ሐዋሳ ውስጥ ከምርጫው በኋላ መምህር መታሰሩ ብርቅ አልነበረም። ያስገቡኝ ክፍል ላብና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። አንድ ሽማግሌ ፈቀቅ ብለው የፍራሻቸውን ግማሽ ለቀቁልኝ። ቀኝ እጃቸው አውራ ጣት የለውም።

«እዚህ ነው እንዲህ ያደረጉዎት?» አልኩ ደንግጬ።

ሳቁ። «የለም ልጄ፣ ይቺስ የትራክተር ናት።»

የቡሹሎ ሰው ናቸው። ቤትህ ስብሰባ ተደርጓል ተብለው ነው የታሰሩት። ዱሮ በመንግሥት እርሻ የበቆሎ መፈልፈያ ላይ ይሠሩ ነበር። መፈልፈያውን የሚያዞረው አሮጌ ትራክተር የሚነሳው በማኑቬላ ነው፤ ከፊት በሚሰካ ቆልማማ ብረት። ሞተሩ ሲያምፅ ብረቱን ወደ ኋላ ያስፈነጥረዋል። አውራ ጣቱን ጠቅልሎ የያዘ ሰው ወይ ጣቱ ወይ ክንዱ ይሄዳል። ቀን ጆንያ ተሸክመው ይውሉ፣ ሌሊት የበቆሎ ብናኝ ሲያስሉ ያድሩ ነበር።

«እንዲያም ሆኖ ትራክተሯ ትናፍቀኛለች» ይሉኛል። «ጠዋት ስትነሳ ድምጿ ደረቴ ውስጥ ይገባ ነበር። ከልጆቼ እኩል ነው የምትናፍቀኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

አያያዙን በመጥረጊያ እንጨት አስተማሩኝ። «አምስቱም ጣት በአንድ ወገን። አንተማ ምን አለብህ፣ ጠመኔ ጣት አይበላ።»

ውሃ በጠፋ በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ለሽንት ቤት ተሰልፈን ሳለ፣ አንድ ፖሊስ የግቢውን የጉድጓድ ውሃ መሳቢያ ሞተር ሊያስነሳ መጣ። እሱም በማኑቬላ የሚነሳ ነው። ከትናንት ወዲያ ሽማግሌውን በጥፊ የመታቸው ይኸው ሰው ነበር። ብረቱን ጠቅልሎ ጨበጠው።

እኔም አየሁ፣ እሳቸውም አዩ። ሊናገሩ ሲሉ ሸሚዛቸውን ያዝኩ።

«ይተዉት፣ አባባ» አልኩ በሹክሹክታ።

እጄን አስለቅቀው ከሰልፉ ወጡ። ከሰልፍ የወጣ ዱላ አይቀርለትም።

«ልጄ፣ አውራ ጣትህን አውጣ» አሉና ጎዶሎ እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

ፖሊሱ እጃቸውን አይቶ ጣቱን አወጣ። ሲያዞረው ብረቱ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ከመዳፉ ወጣ። እጁን እያገላበጠ አየው፤ ደህና ነበር።

«ይምጡ፣ እርስዎ ያስነሱት» አላቸው። እስከዚያን ቀን «አንተ» ነበር የሚላቸው።

በግራ እጃቸው፣ በሁለተኛው ሙከራ አስነሷት። በርሜሉ ሞልቶ ሲፈስ እንኳ «ትንሽ ትሙቅ» እያሉ ዓይናቸውን ጨፍነው አጠገቧ ቆሙ። ሰበብ መሆኑን እኔ ብቻ ነኝ ያወቅሁት።

ክፍላችን ስንመለስ፣ ሸሚዛቸውን ይዤ ልከለክላቸው እንዳልሞከርኩ ሁሉ፣ እንደ ወትሮው ግማሽ ፍራሽ ለቀቁልኝ።

እኔ ቀድሜ ተፈታሁ። ዛሬ ሐይቅ ዳር የጀልባ ሞተር ሲነሳ ቆሜ እሰማለሁ፤ በጣም ይናፍቁኛል። አካፋ እንኳ ስይዝ አውራ ጣቴ ከአራቱ ጋር ነው። ያን ጠዋት ግን የዚያ ሰው ክንድ ሲሰበር ለማየት ጓጉቼ ነበር። ከዓመታት በኋላ ቡሹሎ ሄጄ ቤታቸውን ሳጠያይቅ፣ ዐርፈዋል አሉኝ።

የሄድኩት ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር።