የትምህርት ቤቱ ባሕር ዛፍ

ትናንት ሶዶ ውስጥ በመንገድ ሳልፍ አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ሸተተኝና ቆምኩ።

በጃንሆይ ጊዜ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ በዴሳ ትምህርት ቤት ጣራ ላይ ያዘመመ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ልቆርጥ ወገቤን በቃጫ ገመድ ታስሬ ወጣሁ። የገመዱን ጫፍ ከታች የያዙት ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ፣ እንደ አባት ስለማያቸው በወላይትኛ “አዋ” የምላቸው ዳና ነበሩ። ከጠዋት ጀምሮ ስገዘግዝ ክንዴ ዝሎ መጋዙ ሁለት ጊዜ አዳለጠኝ።

“ልጄ፣ ውረድ!” አሉ።

“ትንሽ ነው የቀረኝ፣ አዋ!”

“መጋዙ ሲያዳልጥህ ከዚህ ይታየኛል። ውረድ አልኩህ!”

ወረድኩ። ዳይሬክተሩ ወጥተው፣ “ነገ ተማሪ ይገባል፤ ቅርንጫፉ እንዲህ ተንጠልጥሎ ሊያድር ነው?” ብለው ተቆጡ። አዋ ዳና ገመዱን ከወገቤ ፈትተው ራሳቸው ታጠቁትና ወጡ። እኔ ከታች ጨብጬው ቀረሁ።

ቅርንጫፉ ከጣራው ርቆ ወደቀ። ሲወርዱ ግን ጣታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ቋጠሮውን እኔ ፈታሁላቸው።

“ትንሽ አሳርፈው ለምን መልሰው እኔን አልላኩኝም?” አልኳቸው።

“ብትወድቅ እናትህን ምን እላት ነበር?”

የእሳቸውም ባለቤት ቤት ሆነው ይጠብቋቸው ነበር። ይህ የታሰበኝ አሁን፣ ዕድሜዬ ከእሳቸው የያኔ ዕድሜ በልጦ ጉልበቴ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ነው።